የሽመላዋ እግር

«ሰበርሻት!» አለች ሰብሪና ከመኝታ ቤቷ በር ላይ ሆና፤ የተሰበረው ምን እንደሆነ እንኳ ገና አላየችም።

ውብነሽ በአንድ እጇ የአቧራ ጨርቅ፣ በሌላው እጇ በአንድ እግር የምትቆም የእንጨት ሽመላ እንደያዘች ሳሎኑ መሀል ተገትራ ቀርታለች። የሽመላዋ እግር ጉልበቷ ላይ ተቀንጥሶ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ጥላት አይደለም። ከመደርደሪያው አንስታ፣ ጀርባዋን ጠርጋ፣ መልሳ ልታቆማት ስትል ነው ቀጭ ያለችው፤ እንደ ደረቅ ፓስታ።

«እትዬ፣ እኔ አልሰበርኳትም። ራሷ ናት የተሰበረችው።»

«ራሷ? ወፏ ራሷን ገደለች በዪኛ!» ሰብሪና የወደቀውን እግር አንስታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሰበርኩ ብለሽ አታውቂም። ብርጭቆው ራሱ፣ ሳህኑ ራሱ፣ አሁን ደግሞ ወፏ ራሷ። እዚህ ቤት ነፍስ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።»

ውብነሽ በያዘችው ጨርቅ መደርደሪያውን መጥረግ ጀመረች። ደሟ ግን ከእግሯ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ ሲወጣ ታወቃት። የሷ ቁጣ ጩኸት የለውም፤ ለቅሶም የለውም። ከንፈሯ ይደርቅና እጇ ሥራ ይፈልጋል። ተቆጥታ ያጠበችው ልብስ ከሌላው ቀን ይልቅ ይነጣ ስለነበር፣ ሰብሪና ለዓመት በዓል ሰሞን ሆን ብላ ታናድዳታለች እያሉ የሚያሟት ጎረቤቶች ነበሩ።

ጊዜው 2002 ዓ.ም.፣ ሐምሌ መባቻ ነው። ጅቡቲ በዚያ ወር ከተማ መሆኗ ይቀርና ምድጃ ትሆናለች። ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ከምዕራብ ተነስቶ አሸዋውን እየነዛ ሲመጣ፣ በር ከመቃኑ ይላቀቃል፣ የቁም ሣጥን መሳቢያ ይንቀጫቀጫል፣ የሰው ተረከዝ ይሰነጠቃል። በባሕሩ ጨው ወዝቶ የከረመ እንጨት በአንድ ሳምንት ይደርቃል። ይህን ሁሉ ውብነሽ ታውቃለች። ግን እውቀት በሠራተኛ አፍ ሲነገር ሰበብ ይባላል።

የሐይቅ ሰው ናት፤ ከደሴ ማዶ ካለችው ከሐይቅ። አባቷ ሞፈርና ቀንበር፣ በርጩማና የአልጋ እግር የሚጠርብ ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው መጋዙን በወዲያኛው ጫፍ ይዛ የምትስብለት እሷ ነበረች። ሴት ልጅ መጥረቢያ መያዟ ሰፈሩን ቢያስቅም አባትዬው ደንታም አልነበረው። እንጨቱ የት ላይ መሰንጠቅ እንደሚያምረው በጣቷ ዳብሳ እንድታውቅ አስተምሯት ሞተ። ከዚያ አገባች፤ ባሏ አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ልጇን ይመኙሻልን ለእናቷ ትታ በ1993 ዓ.ም. ጅቡቲ ገባች፤ ኤሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ እዚያ «አቶ»ን በፈረንሳይኛ «ሙሴ» ስለሚሉ፣ በሙሴ ኑረዲንና በሚስቱ በሰብሪና ቤት ተቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን ሰብሪና «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ፓስፖርቷን ተቀበለቻትና በባሏ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ መሳቢያ ለውብነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ያውቃል፤ እሱም ፓስፖርቷ ሲታደስ።

ሰብሪና ክፉ ሰው ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ለጋስ፣ አፈኛ። ውብነሽ ወባ ይዟት የወደቀች ጊዜ በገዛ መኪናዋ ሐኪም ቤት ወስዳ ሦስት ሌሊት አጠገቧ ተቀምጣለች። ነገር ግን ለሰው ደግ መሆንና ሰውን እንደ ሰው መቁጠር አንድ ነገር እንዳልሆኑ፣ ውብነሽ በዚያው ቤት ተምራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ይመኙሻል ስትዳር ቤቱ እንግዳ ነበረበትና ልሂድ ስትል «እንዴት አድርገሽ ትተሽኝ ትሄጃለሽ?» ተባለች። ልጇ ያለ እናት ተዳረች። በዚያን ቀን ሰብሪና ራሷ አልቅሳ «ስትወልድ ትሄጃለሽ፣ ወላሂ!» ብላ ነበር።

አሁን ይመኙሻል ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። የበኩር ልጇን ነው። የእናት ደንብ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያው ምጥ ጊዜ የሴት ልጅ ወገቧን የሚይዝላት እናቷ ናት። ውብነሽ በሐምሌ መጨረሻ እንድትሄድ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ሻንጣዋ እንኳ ከአልጋዋ ሥር ግማሹ ተሞልቷል። ሽመላዋ የተሰበረችው በዚህ መሀል ነው።

የመጀመሪያው ቀን በኮላ ሞከሩ። ሰብሪና ራሷ ማጣበቂያ አስገዝታ፣ ራሷ ይዛ፣ ራሷ ነፋችበት። ማታ ላይ ሽመላዋ እንደገና በግንባሯ ተደፋች።

«በቃ፣ እንግዲህ ስሚኝ» አለች ሰብሪና፤ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው የምታስፈራው። «ይቺን ያመጣልን ሙሴ ዤራር ነው። ከማርሴይ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ እዚህ ሳሎን ነው የሚበላው። ኑረዲን ወደብ ላይ የሚያስለቅቀው ዕቃ ግማሹ የማን ነው? የሱ ነው። የሰጠን ስጦታ እግሯ ተቆርጦ ሲያያት ምን ይላል?»

«ይሰበራል በሏቸዋ። እንጨት አይደል?»

«አልልም። እንደ ነበረች ሆና መደርደሪያው ላይ መቆም አለባት። እሷ ሳትቆም ከዚህ ቤት ንቅንቅ የሚል የለም።»

«ልጄስ?»

«ልጅሽማ እንደ ልጄ ናት፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ነኝ የሰበርኳት?»

እዚህ ላይ ውብነሽ የተናገረችውን ራሷም አላሰበችበትም። እጇ ነው የተናገረው ማለት ይቀላል። «እኔ እቀርጻታለሁ።»

«ማ? አንቺ?»

«እኔ።»

«ሽንኩርት መክተፍ መሰለሽ?»

«አባቴ ጠራቢ ነበር።»

«የኔ አባት ድሬሰር ነበር፤ ታዲያ እኔ መርፌ እወጋለሁ?» ሰብሪና ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ በሩን ይዛ ዞር አለች። «እሺ፣ ቅረጺያ። ብቻ አስመስዪያት። አንድ ላባ እንዳይለይ!»

አርብ ውብነሽ የዕረፍት ቀኗ ነው። ሽመላዋንና እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ካርቲየ ሰባት ቢስ ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ሄደች። እዚያ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አልጋና ሣጥን የሚሠራ ጀንበሬ የሚባል የጎጃም ሰው አለ። እንጨቱን የሚያገኘው ከወደብ ነው፤ መርከበኞች ጭነቱ እንዳይናወጥ በየመሀሉ ከሸጎጡት በኋላ የሚጥሉትን ሳንቃና ግንድ በጋሪ ይሰበስባል። ከየት አገር እንደተቆረጠ ማንም አያውቀውም፤ ጀንበሬ ብቻ አሽትቶ ይገምታል።

«ጋሽ ጀንበሬ፣ ጠንካራ እንጨት ፈልግልኝ።»

«ለአልጋ ነው?»

«ለወፍ።»

«ለወፍ ጎጆ?»

«ለወፍ አልኩህ! ለራሷ ለወፏ!»

«ተቆጥተሻል።»

«አልተቆጣሁም!» አለች። በቆርቆሮው ጥግ ካርቶን ስታኝክ የነበረችው ፍየል ደንግጣ ተነሳች።

ጀንበሬ ፍየሏን አይቶ፣ ውብነሽን አይቶ፣ ፌስታሉን ተቀበላት። የተሰበረውን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። «ሠሪው ጎበዝ ነው፤ አንገቷን ተመልከቺ። እዚህ ላይ ግን ምን ነካው? የእንጨቱ ጅማት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እሱ ጉልበቷን ወደ ፊት ለማስወጣት ሲል ጅማቱን አግድም በጥሶታል። ክብደቷ ሁሉ ያረፈው በዚህች ላይ ነው። ጅማት የሌለው እንጨት ብስኩት ነው።»

«ስለዚህ ማን ሰበራት?»

«የሰበራትማ የሠራት ነው። አንቺ ባትነኪያትም ይህ ነፋስ አይለቃትም ነበር።»

ውብነሽ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ጥፋተኛ አለመሆኗን ከልቧ ታውቀው ነበር፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ ማረጋገጫውን በእጅ መያዝ ሌላ። እስከዚያች ሰዓት ቁጣዋ ሰብሪና ላይ ብቻ ነበር። አሁን ሰፋ። ፊቱን አይታው የማታውቀው፣ ስሙን የማትሰማው አንድ ሰው በማታውቀው አገር ተቀምጦ አንዲት ጉልበት አሳስቶ ስለቀረጸ፣ እሷ ከልጇ ምጥ ልትቀር ነው። ዓለም በዚህ መልክ እንደተሠራች ድንገት የታያት መሰላት፤ አንዱ ሩቅ ሆኖ ያጠፋል፣ ዱላው ቅርብ የተገኘው ላይ ያርፋል።

ጀንበሬ ከክምሩ ሥር አንድ ቀይ፣ ድንጋይ የመሰለ ግንድ ጎትቶ አወጣ። «ይሄ ይሆንሻል። ለመሆኑ እኔ ብሠራልሽስ? በአራት ቀን እጨርሳታለሁ።»

«እኔ ነኝ የምሠራት።»

«ለምን?»

«እኔ እጄ አልሰበራትም ያልኩ ሴት ነኝ። እጄ ምን እንደሚችል እመቤቴ ትይ።»

ጀንበሬ ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ሄደ። ሁለት መሮ፣ ሞረድ፣ ትንሽ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት በጨርቅ ጠቀለለላት። «አባትሽ ቢያይሽ» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

ስለ እግሯ ነገሩ የገባት ግን በማግስቱ፣ ኩሽና ውስጥ ነው። ዶሮ እየበለተች ነበር። ወጡን የሚያውቅ ሰው ዶሮን በዘፈቀደ አይቆርጣትም፤ አሥራ ሁለት ብልት ያወጣል፣ እያንዳንዱን ከመገጣጠሚያው ፈልቅቆ። ውብነሽ በዕድሜዋ ስንት ዶሮ እንደበለተች ቁጥር የለውም። ቢላዋዋ ታፋውን ከቅልጥሙ ሊለይ ሲገባ እጇ ቆመ። የዶሮ ጉልበት እዚህ ነው፤ ላይ፣ ሆዷ ሥር፣ ላባ ውስጥ ተደብቆ። ታች የሚታየውና ሰው ጉልበት የሚለው ተረከዟ ነው። ተረከዝ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። መደርደሪያው ላይ የነበረችው ሽመላ ግን ጉልበቷ ወደ ፊት ነው፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው።

ቢላዋውን ጣለችና ጣሪያው ላይ ወጣች። ከዚያ ባሕሩ ይታያል። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ግራጫ ሆኖ ተንጣሏል። ሦስት ሽመላዎች ጭቃው ላይ ቆመዋል። አንዷ እግሯን አነሳች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ተናቀ ሰው በኩራት። ተረከዟ ወደ ኋላ ወጣ፣ ጣቶቿ ተሰበሰቡ፣ ወደ ፊት ዘረጋቻቸውና ረገጠች። የቆመችበት እግር ደግሞ ተረከዙ በትንሹ ወደ ኋላ ወጣ ከማለቱ በቀር ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር። እንዲህ አድርጎ ለቀረጸው ሰው የእንጨቱ ጅማት ሳይበጠስ ከሆዷ እስከ ጥፍሯ ይወርዳል። እውነተኛዋን ወፍ የሠራ ሰው የማትሰበር ወፍ ይሠራል ማለት ነው። ውብነሽ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጣሪያ ላይ ነበረች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ሲገባ ከተማው ይዘጋል። ኑረዲን ከባልንጀሮቹ ጋር ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል፣ ሰብሪና የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍታ ትተኛለች፣ መንገዱ ላይ ከቁራ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ውብነሽ በውኃ ሮቶው ጥላ ሥር ጆንያ አንጥፋ ትቀመጣለች። ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ መሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትይዘዋለች። መጀመሪያ የወፏን ጎን፣ ቀጥሎ ፊቷን በከሰል በግንዱ ሁለት ገጽ ላይ ሣለች። ትርፉን በመጋዝ አነሳች። አንገቷን ከክንፏ በመሮ ለየች። እንጨቱ እልኸኛ ነበር፤ እሷም እልኸኛ ነበረች፤ ከሁለት አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም። በእያንዳንዱ ምት አንድ ሰው ትጠራ ነበር፤ ሰብሪናን፣ ኑረዲንን፣ ሙሴ ዤራርን፣ ጥሏት የሄደውን ባሏን፣ ያንን ስሙ የማይታወቅ ቀራጺ። በስድስተኛው ቀን የሚጠራ ሰው አለቀባት። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ብቻ ነው። አባቷ እንጨት ሲልግ ለምን ዝም ይል እንደነበር በዚያ ሰዓት ገባት፤ ከዚያ ዝምታ የሚበልጥ ነገር በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጨረሰች። በሰሊጥ ዘይት አሽታት ሳሎን መደርደሪያው ላይ አቆመቻትና ሰብሪናን ጠራች።

ሰብሪና መጣች። አየች። እውነት ለመናገር አፏን ይዛ ነበር። «ያ ረቢ! ውቤ! ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው? አንገቷ! ዓይኗ እኮ ያየኛል!» እየዞረች አየቻት። ከዚያ ቆመች። «እግሯ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ተገልብጧል እኮ። የፊቱን ወደ ኋላ አድርገሽዋል።»

«እትዬ፣ ወፍ እንዲህ ነው የምትቆመው። ያኛው ነው የተሳሳተው። ስለተሳሳተም ነው የተሰበረው። ይምጡ፣ ከጣሪያ ላይ ላሳይዎ፤ አሁን ባሕሩ ሸሽቷል፣ ቆመዋል።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«በመስኮት ይዩዋ!»

«ውብነሽ።» ውቤ መባሉ ቀረ። «እኔ ስለ ወፍ አልጠየቅኩሽም። ስለ ዕቃዬ ነው የጠየቅኩሽ። የኔ ዕቃ ጉልበቱ ወደ ፊት ነበር። ሙሴ ዤራር ያመጣልን ጉልበቷ ወደ ፊት የሆነችውን ነው። ይቺን ሲያይ የት አደረሳችኋት አይልም?»

«እውነቱን እንነግራቸዋለን።»

«እውነት ትላለች እንዴ! በሰው ዕቃ ላይ ማን እውነት ጠየቀሽ? ሳምንት አለሽ፤ አስተካክያት። ያለዚያ ልጅሽ ዘንድ የሚሄደው ደብዳቤ ነው።»

በሌላ ሰው ስሕተት መቀጣት ያለ ነገር ነው፤ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ለምዶታል። የቅጣቱ መፍቻ ያንኑ ስሕተት አውቀሽ፣ በገዛ እጅሽ፣ አሳምረሽ ድገሚው ሲሆን ግን ሌላ ነው። ውብነሽ ያን ቀን ማታ ሳህኑን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠበችው። ቆንስላው ዘንድ ሄጄ ሌሴ ፓሴ የሚሉትን የይለፍ ወረቀት ላውጣ ብላ አሰበች፤ ፓስፖርቴ ጠፋብኝ ብላ። ያኔ ግን መመለስ የለም፤ ሥራውም፣ ለይመኙሻልና ለእናቷ በየወሩ የሚላከውም አብሮ ይቀራል። አሰበችና ተወችው፤ ተወችውና አሰበችው።

በማግስቱ ይመኙሻል ደወለች።

«እማ፣ ሆዴ ዝቅ ብሏል። አዋላጇ ከተባለው ቀን ይቀድማል አለችኝ።»

«አይዞሽ። እመጣለሁ።»

«እንደ ሠርጌ እንዳታደርጊኝ።»

መስመሩ ተቆረጠ። ካርዱ አልቆባት ይሁን ተቆጥታ ዘግታው ይሁን ውብነሽ አላወቀችም። መቆጣትን ከማን እንደወረሰች ግን ታውቃለች።

ሽመላዋን ታቅፋ ወደ ሰባት ቢስ ሮጠች። ጀንበሬ ሦስት ጊዜ ዞራት። «እኔ ሠላሳ ዓመት እንጨት ነክቻለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «እንዲህ ያለ እግር አልሠራሁም።»

«ቁረጠው።»

«አብደሻል?»

«ጉልበቷ ወደ ፊት ነው መሆን ያለበት ተብሏል።»

ነገረችው። ጀንበሬ የእግሩን ሥር በአውራ ጣቱ ለካ። «እንግዲያስ ስሚ። ሌላ ግንድ የለኝም፣ ጊዜም የለሽም። ይሄን እግር ከሥሩ አንሺው፤ ሌላ ቀርጸሽ በእንጨት ችንካርና በኮላ እንተክለዋለን። ቢሰበርም እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። አድርጊውና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ። ማን ጉልበት ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

«አንቺማ ያኔ ሐይቅ ገብተሻል።»

መጋዙን ሲያነሳ ከእጁ ነጠቀችው። ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አልፈለገችም። አሥራ ሁለት ቀን የፈጀው እግር በመጋዝ ስድስት ምልልስ ወደቀ። ውብነሽ አላለቀሰችም። የተቆረጠውን እግር አንስታ ጀንበሬ ውኃ የሚያሞቅበት ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ለማስታወሻ ልትይዘው የምትችለው ነገር እንዳይኖር። ከዚያ ከተራረፈው እንጨት የውሸቱን ጉልበት ስትቀርጽ ዋለች። በዚህኛው ሥራ ውስጥ ያ ዝምታ አልመጣም። እያንዳንዷ ፍቅፋቂ ጥርሷን እያፋጨች ነው የወጣችው።

ሙሴ ዤራር ማክሰኞ ቀን ለምሳ መጣ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ሽመላዋ መደርደሪያው ላይ ጉልበቷን ወደ ፊት ገትራ ቆማለች። ሰብሪና እንግዳውን ሆን ብላ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ውብነሽ ዓሣውን በትልቅ ሳህን ይዛ ስትገባ ሰውየው ወፏን እያየ ነበር።

«ምን ታምራለች!» አለ በፈረንሳይኛ። ውብነሽ የኩሽናና የሳሎን ፈረንሳይኛ አሳምራ ትሰማለች። «ከየት አገኛችኋት?»

ኑረዲን ሹካውን አስቀመጠ። «አንተ እኮ ነህ ያመጣህልን። የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«እኔ?» ዤራር ሳቀ። «አላስታውስም። ጸሐፊዬ ልካላችሁ ይሆናል፤ ስጦታ የምትገዛው እሷ ናት።»

ሰብሪና ለአንድ አፍታ ቀላች። ግን የአፈኛ ሰው ሐፍረት ብዙ አይቆይም። «በእውነቱ ያንተዋ ተሰብራብን ነበር» አለች እየሳቀች። «ይቺን የሠራቻት ሠራተኛችን ናት። ይቺው፣ ውብነሽ! እንዲህ ዓይነት እጅ አላት። እኔ ነኝ ያበረታታኋት።»

ዤራር ተነስቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ጣቱን በአንገቷ ላይ፣ በክንፏ ላይ አሳለፈ። ከዚያ ጎንበስ አለና የተተከለውን እግር ነካ። «እግሯን ተመልከቱ!» አለ። «ሕይወት አለው እኮ! ልትራመድ ነው የምትመስለው። ይህችን ሴት ማን አስተማራት?»

ውብነሽ ሳህኑን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ የዓሣው መረቅ እንኳ አልፈሰሰም። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በዚያው በኩሽና ፈረንሳይኛዋ፣ እንግዳው እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ሙሴ ኑረዲን፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

«ምን?»

«ፓስፖርቴን። መሳቢያው ውስጥ ያለውን።»

«ምሳ ላይ ነን እኮ» አለ ኑረዲን በአማርኛ፣ እየተቅለሰለሰ። «ማታ እንነጋገርበታለን።»

«አሁን» አለች ውብነሽ፤ አሁንም በፈረንሳይኛ።

ዤራር ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተ። «ፓስፖርቷ ለምን እናንተ ዘንድ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ማያውቅ ሰው። ለኑረዲን ግን ከወቀሳ ይልቅ ይህ ጥያቄ ከበደው። ተነሳ። የመሳቢያው ቁልፍ ሲዞር እስከ ሳሎን ተሰማ።

ሰብሪና ኩሽና ድረስ ተከትላት ገባች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አዋረድሽኝ። በሰው ፊት። ዛሬ ማታ ልሰጥሽ ነበር፣ ወላሂ ልሰጥሽ ነበር!»

ውብነሽ ሽርጧን ፈታች።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

ውብነሽ ሽርጡን አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው።

«ውቤ፣ እባክሽ። በንዴት አይሆንም። ለዤራርስ ምን ልበለው? ለሚስቱ እንደዚህች ያለች አንድ ትሥራልኝ እያለ ነው። ልክ እንደዚህች ያለች።»

ውብነሽ ዞር ብላ አየቻት። «ንገሪው» አለች፤ ሰብሪናን አንቺ ብላ ስትጠራት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ይቺን የሠራቻት ሴት በዕድሜዋ ወፍ የሚባል አይታ አታውቅም በዪው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአብዱልፈታሕ ጋር ነበረች። ወደ ውርጌሳ ማዳበሪያ የጫነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ በሐይቅ ከተማ መሀል ያልፋል። ጋላፊ ድንበሩ ላይ አደሩ። ሚሌን ሲያልፉ አብዱልፈታሕ፣ ወሬ ካላወራ የሚያንቀላፋው፣ ከነጋ ጀምሮ ለምን ጥርሷን እንደነከሰች ጠየቃት። ነገረችው። ሁሉንም፤ እግሩን፣ መጋዙን፣ ምድጃውን።

«አንቺ» አለ፤ «ፓስፖርትሽን አገኘሽ፣ ልጅሽ ዘንድ እየሄድሽ ነው። ይሄ ሁሉ ንዴት ለእንጨት ነው?»

«አዎ፣ ለእንጨት ነው!»

«እሺ፣ እሺ። እኔን ምን አድርግ ትያለሽ? ወፏን እኔ አልቆረጥኳት።»

«እኔ ነኛ የቆረጥኳት!» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። 

የባቲ ዳገት መሀል ስልኳ ኔትወርክ ሲያገኝ ጮኸ። እናቷ ናት። ይመኙሻልን ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ይዟታል፤ ጤና ጣቢያ ናቸው፤ ልጁ አልወርድ ብሏል፤ እሷም «እማ ካልመጣች» እያለች ነው።

አብዱልፈታሕ ባቲ ገበያ ዳር ካለው ምግብ ቤት ፊት ለፊት ፍጥነቱን ቀነሰ። «ምሳ እንቅመስና—»

«ምን?»

«ምሳ...»

«አብዱልፈታሕ፣ ዛሬ እኔን የሚያስቆመኝ ሰው የለም። ንዳው!»

«ሞተሩ ግሏል እኮ፣ እህቴ።»

«እኔም ግያለሁ! ንዳው አልኩህ!»

ነዳው። ሐይቅ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወንዱ ልጅ የተወለደው ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። በዚያን ሰዓት ጤና ጣቢያው በራፍ ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ የሰማው የሕፃኑን ለቅሶ አይደለም፤ የልጇን ወገብ ይዛ አዋላጇን «እጅሽን ቀስ አድርጊ እንጂ፣ ሰው ነው እኮ!» እያለች የምትቆጣ የአንዲት ሴት ድምፅ ነው።